ከጦር ሜዳ ዶቅዶቄ እስከ ሕዝብ ማመላለሻ፦ የዴልሂው «ፋትፋቲ» ታሪክ ለእኛ ምን ይላል?



በየካቲት ወር መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችን፣ በእኛው አጠራር የባጃጆችን፣ አገልግሎት ለጊዜው ማገዱ በተሰማ ማግስት፣ እኔ የምኖርበት የከተማዪቱ ዳርቻ ያልተለመደ ጸጥታ ሰፍኖበት ነበር። ከዋናው አስፋልት እስከ ሰፈራችን ያለውን ዳገት ነፍሰ ጡሯም፣ ሽማግሌውም፣ የገበያ ዘንቢል የተሸከመችውም፣ ቦርሳውን ያነገተው ተማሪም በእግሩ ይወጣው ጀመር። እገዳው ብዙም ሳይቆይ በገደብ ላልቶ ባጃጆቹ ተመልሰዋል። በእነዚያ ቀናት በአእምሮዬ የተጫረው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። መንግሥት፣ ሕዝብ ከችግሩ ለመውጣት በራሱ ብልሃት የፈጠረውን ወይም የራሱ ያደረገውን መጓጓዣ ምን ሊያደርገው ይገባል? እንዳላየ ሆኖ ሊያልፈው? ሊያጠፋው? ወይስ ሊያርመውና ሊያሳድገው?

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ስትገፋውና ስትጎትተው የኖረች አንዲት ከተማ አለች። እርሷም የሕንድ ዋና ከተማ ዴልሂ ናት። ጥያቄውን ያስነሣባት ነገር ደግሞ እጅግ እንግዳ ነው፤ ከጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ሞተርሳይክል ወገቡ ተቆርጦ፣ በአንድ የኋላ ጎማ ፈንታ ሁለት ተገጥሞለት፣ ለሕዝብ ማመላለሻነት የተዳረገ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ! የዴልሂ ሰው «ፋትፋቲ» ይለው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የፋትፋቲን ልደት፣ ዕድሜና ሞት ተከትለን፣ ወደ መጨረሻው ወደ ራሳችን ደጃፍ እንመለሳለን።

የሚልዋኪው የጦር ፈረስ

ታሪኩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ነው። በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ የሚገኘው የሃርሊ ዴቪድሰን ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን «ደብልዩ ኤል ኤ» የተባለ የጦር ሞተርሳይክል በገፍ አመረተ። ለካናዳ ጦር ከተሠራው መንትያው ጋር ሲደመር ቁጥሩ ወደ 90,000 ይጠጋ ነበር። መልእክት ለማድረስ፣ መንገድ ለመቃኘት፣ የጦር ተሽከርካሪዎችን ሰልፍ ለመምራት የታሰበ ነበርና ጌጥ አልነበረውም። ሁለት ሲሊንደሮቹ በተንጋለለ ማዕዘን የተጋጠሙ፣ 740 ሲሲ ስፋት ያላቸው ነበሩ። ጉልበቱም ወደ 25 የፈረስ ጉልበት ቢደርስ ነው።

ይህ ኃይል በዛሬ ሚዛን አነስተኛ ነው። የሞተሩ ምሥጢር ግን ሌላ ነበር። ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ራስ ላይ ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጡ፣ የመጭመቅ ኃይሉም ዝቅ ያለ በመሆኑ መናኛ ቤንዚን ቢሰጡት አያማርጥም። በዝግታ እየዞረ ከባድ ነገር መጎተት ይችላል። ሲበላሽም መፍቻና ትዕግሥት ያለው ወታደር በዛፍ ጥላ ሥር ሊያድሰው ይችላል። እንግዲህ ለጦር ሜዳ የተመረጡት እነዚህ ጠባያት፣ በኋላ ለድኻ ከተማ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልጉት ሆነው ተገኙ።

ሕንድ በጦርነቱ ወቅት ለበርማና ለቻይና ግንባር ደጀን ነበረች። ጦርነቱ ሲያበቃ የብሪታንያና የአሜሪካ ሠራዊት ይዘውት የመጡትን ንብረት ሁሉ ጭነው መመለስ አልቻሉም፤ አልፈለጉምም። ጂፑ፣ ካሚዮኑ፣ ሞተርሳይክሉ፣ ጎማው፣ ሸራው በርካሽ ተሸጠ። ጦርነት ሲያልፍ ከኋላው የሚተወው ሬሳና ፍርስራሽ ብቻ አይደለም፤ ብረትም ይተዋል። ብረቱን አንሥቶ ምን እንደሚያደርገው ማሰብ ደግሞ በሕይወት የተረፈው ሰው ፈንታ ነው።

ስደተኛው ያመጣው ብልሃት

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1947 ሕንድ ነጻነቷን ስታገኝ፣ በዚያው ሌሊት ሀገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። በክፍፍሉ ሳቢያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቤት ንብረቱ ተፈናቀለ። በእርስ በርስ እልቂቱ የሞተው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ በግምት እንጂ በቁርጥ አይታወቅም፤ ከመቶ ሺዎች እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታል። ከምዕራብ ፑንጃብ የሸሹ ሂንዱዎችና ሲኮች ወደ ዴልሂ ጎረፉ። እ.ኤ.አ. በ1941 የዴልሂ ሕዝብ ከ920,000 ያነሰ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በተደረገው ቆጠራ ከ1.7 ሚሊዮን በልጦ ተገኘ። አንዲት ከተማ በዐሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ ለመሆን ተቃረበች ማለት ነው!

እስቲ ይህን በዐይነ ኅሊናችን እንመልከተው። በድንኳን ያደረ ስደተኛ ጠዋት ተነሥቶ ሥራ ፍለጋ መሄድ አለበት። አውቶቡሱ ጥቂት ነው፤ በፈረስ የሚጎተተው ጋሪ አዝጋሚ ነው፤ ታክሲው የባለጸጋ ነው። በሌላ በኩል በዚያው በስደተኛው ሕዝብ መካከል በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገለ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም የሚያውቅ፣ አሁን ግን ሥራም መሬትም የሌለው ሰው ሞልቷል። በጨረታ ሜዳ ላይ ደግሞ የጦር ሞተርሳይክሎች ተኮልኩለዋል። ችግሩ፣ ሙያውና ብረቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ተገናኙ። ከዚህ ግንኙነት ፋትፋቲ ተወለደ። ሾፌሮቹም በአብዛኛው ሲኮች ነበሩ።

ልብ በሉ፤ ይህን መጓጓዣ ያቀደ ሚኒስቴር የለም። ጥናት ያቀረበ አማካሪ፣ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣንም አልነበረም።

ሁለት እግር እንዴት ሦስት ይሆናል?

ሞተርሳይክልን ወደ ባለ ሦስት እግር መለወጥ ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ አንዱን ጎማ አውጥቶ ሁለት ማስገባት! ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የምህንድስና ፈተናው ብዙ ነው፤ የእነዚያን ስም የለሽ መካኒኮች ሙያ የምንረዳውም ያኔ ነው።

በመጀመሪያ የሞተርሳይክሉ አጽም ከሞተሩ በስተኋላ ይቆረጣል። በቦታው ከብረት ዘንግ የተበየደ ሰፊ ሻንሲ ይቀጠላል። ብየዳው ጥቂት ቢዛነፍ የኋላ ጎማዎቹ ከፊተኛው ጋር አይሰለፉም፤ ተሽከርካሪው ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ወገን ሲጎትት ይኖራል፣ ጎማም ይበላል።

ሁለተኛው ፈተና ኃይልን ለሁለት ማካፈል ነው። ባለ ሦስት እግር ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ደረቅ ዘንግ ላይ ከታሰሩ አንደኛው መንሸራተት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህም ከመኪና የተወሰደ ዲፈረንሻል ያስፈልጋል። ከሞተርሳይክሉ ካምቢዮ የሚወጣውን ኃይል በሰንሰለት ወይም በዘንግ ከዚያ ጋር ማገናኘት፣ የማርሹንም ልክ ለከባድ ጭነት እንዲስማማ ዝቅ ማድረግ የግድ ነው። (በነገራችን ላይ፣ «ካምቢዮ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ፍሬቻ» እያልን የምንናገረው የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ ከጣሊያን የተረፈ የጦርነት ዘመን ንብረት መሆኑን አንርሳ። ብረቱን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም አንሥተን የራሳችን አድርገነዋል።)

ሦስተኛው ፈተና ከሾፌሩ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ባለ ሁለት እግር ሲታጠፍ ወደ መታጠፊያው ያዘነብላል፤ ሚዛኑንም የሚጠብቀው በዚህ ነው። ባለ ሦስት እግር ግን አያዘነብልም። በፍጥነት ከታጠፈ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሣና ተሽከርካሪው ይገለበጣል። ስለዚህ የኖረ የሞተርሳይክል ነጂ የተማረውን ሁሉ ረስቶ እንደገና መማር አለበት። መሪውም ይከብዳል፤ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ የተበጀው አዘንብሎ ለሚታጠፍ ቀላል አካል እንጂ ስድስትና ከዚያ በላይ ሰው ለተሸከመ ጋሪ አይደለምና።

አራተኛው ሙቀት ነው። የሃርሊው ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በንፋስ ነው። በአውራ ጎዳና እየበረረ ንፋስ እንዲመታው የታሰበ ሞተር፣ ከ40 ዲግሪ በሚበልጠው የዴልሂ የበጋ ሙቀት፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ በገበያ ውስጥ ሲያዘግም ይቃጠላል። በዚህ ላይ ዕድሜ ተጨመረ፤ መለዋወጫም ጠፋ። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ብዙዎቹ የቤንዚን ሞተራቸውን አውጥተው በናፍጣ ሞተር ተኩ። በመጨረሻው ዘመናቸው ከሚልዋኪ የቀረላቸው ፊታቸው ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል።

ድምፁስ? «ፋት! ፋት! ፋት!» የሚለው የሞተሩ ጩኸት ስሙ ሆኖ ቀረ። እኛስ ሞተርሳይክልን «ዶቅዶቄ» ያልነው በዚሁ መንገድ አይደለምን? የሁለቱም ሀገር ሕዝብ ባዕዱን ማሽን የሰየመው ፋብሪካው በሰጠው ስም ሳይሆን ጆሮው በሰማው ድምፅ ነው።

ፋትፋቲዎቹ ከአዲሲቱ ዴልሂ የንግድ እምብርት ከኮናት ፕሌስ ተነሥተው ወደ አሮጌዪቱ ከተማ፣ ወደ ቻንድኒ ቾክና ወደ ቀዩ ምሽግ ይመላለሱ ነበር። ተሳፋሪው እየተጋራ ስለሚከፍል ዋጋው ለድኻ የሚሞከር ነበር። እንደ እኛ ታክሲ ሲሞላ ይነሣል። እንግሊዞች ለገዥዎች ክብር በገነቡት ሰፋፊ ጎዳና ላይ፣ ከአሜሪካ ጦር የተረፈ ሞተርሳይክል፣ ጥምጥም በጠመጠመ ስደተኛ እየተነዳ ጸሐፊውንና ነጋዴውን ትከሻ ለትከሻ አሳፍሮ ይሄዳል። የቅኝ አገዛዝን ፍጻሜ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ትዕይንት ይገልጠዋል።

ተመሳሳይ ብረት፣ የተለያየ ዕጣ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ላንሣ። ሃርሊ ዴቪድሰን ራሱ ከ1932 እስከ 1973 (እ.ኤ.አ.) «ሰርቪ ካር» የሚባል ባለ ሦስት እግር ያመርት ነበር። የሞተሩም ስፋት ከጦር ሞተርሳይክሉ ጋር አንድ ነው። ዲፈረንሻል ነበረው፤ የኋላ ማርሽም ተጨምሮለታል። በአሜሪካ ከተሞች ፖሊሶች የመኪና ማቆሚያ ይቆጣጠሩበት ነበር። ጋራዦችም የደንበኛን መኪና አድርሰው የሚመለሱበት መሣሪያ ነበር።

እንግዲህ በሚልዋኪና በዴልሂ መካከል የነበረው ልዩነት የሐሳብ አይደለም። የዴልሂው ባለ ጋራዥ በመዶሻና በብየዳ የደረሰበት መፍትሔ፣ የሚልዋኪው መሐንዲስ በንድፍ ሰሌዳ ላይ የደረሰበት ነው። ልዩነቱ አንደኛው በጀርባው ፋብሪካ፣ ባንክ፣ የጥራት ደረጃና ሕግ ነበረው፤ ሌላኛው የነበረው ክንዱ ብቻ ነው። አንደኛው «ምርት» ተባለ፤ ሌላኛው «ጥገና» ሆኖ ቀረ። በእኔ አስተያየት የድኻ ሀገሮች የቴክኖሎጂ ታሪክ በአብዛኛው የዚህች የስም ልዩነት ታሪክ ነው።

«ባጃጅ» የመጣው ከየት ነው?

ታዲያ የሕንድ መንግሥት ይህን ሙያ አንሥቶ ለምን አላሳደገውም? መልሱ በዘመኑ ፖሊሲ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው የኢንዱስትሪ ሕግ መሠረት በሕንድ ፋብሪካ ለማቋቋምም ሆነ ምርት ለማሳደግ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ማን፣ ምን፣ ስንት እንደሚያመርት የሚወስነው ቢሮው ነበር። ሕንዳውያን ይህን ሥርዓት «የፈቃድ መንግሥት» እያሉ ይሳለቁበታል።

ከዚህ ፈቃድ ተቋዳሾች አንዱ ባጃጅ ኩባንያ ነው። የባጃጅ ቤተሰብ መሥራች ጃምናላል ባጃጅ የማኅተመ ጋንዲ የቅርብ ተከታይ ነበሩ። ጋንዲም እንደ አምስተኛ ልጃቸው ይቆጥሯቸው እንደ ነበር ይነገራል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1959 ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለማምረት ፈቃድ አገኘ። ንድፉን የወሰደው ከጣሊያኑ ፒያጆ ነው። ፒያጆ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ፋብሪካው በቦምብ ከፈራረሰ በኋላ በ1946 «ቬስፓ»ን፣ ማለትም «ተርብ»ን አወጣ፤ በ1948 ደግሞ በቬስፓው ላይ ሁለት የኋላ ጎማና መጫኛ ጨምሮ «አፔ»ን፣ ማለትም «ንብ»ን ወለደ። የንድፉ ባለቤት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ቀደም ሲል ሄሊኮፕተር የሠራ የአቪዬሽን መሐንዲስ ነበር። ዛሬ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬ ዳዋና በአዳማ ጎዳናዎች ላይ «ባጃጅ» የምንለው የዚያች ንብ የልጅ ልጅ ነው።

የታሪክን ምጸት ተመልከቱ! የተሸነፈችው ጣሊያን ከአውሮፕላን ፋብሪካዋ ፍርስራሽ ባለ ሦስት እግር አወጣች፤ የተከፈለችው ሕንድ ከአሸናፊዎቹ ሞተርሳይክል ባለ ሦስት እግር አወጣች። ሁለቱም ከጦርነት አመድ የተነሡ ናቸው። የጣሊያኑ ግን ፈቃድና ካፒታል አግኝቶ ዓለምን አዳረሰ፤ የዴልሂው ከኮናት ፕሌስ አልራቀም።

ጭሱና ፍርድ ቤቱ

እስካሁን የተናገርሁት ፋትፋቲን ለማወደስ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስቻለሁ። እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል፤ ፋትፋቲ ያጨስ ነበር። ያረጀ፣ ከሌላ ማሽን የተወሰደ፣ ማንም የማይመረምረው ሞተር የሚተፋው ጥቁር ጭስ የከተማዪቱን ልጆች ሳንባ ይገባ ነበር። ፍሬኑም የሚያስተማምን አልነበረም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዴልሂ አየር እጅግ ከመበከሉ የተነሣ ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ።

መህታ የተባሉ የታወቁ የአካባቢ ጥበቃ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡትን አቤቱታ የያዘው የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሐምሌ 28 ቀን 1998 ታሪካዊ ትእዛዝ ሰጠ። የከተማዪቱ አውቶቡሶች እስከ መጋቢት 2001 መጨረሻ ድረስ በተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠሩ፣ አሮጌዎቹ ታክሲዎችና ባለ ሦስት እግሮች ደግሞ በንጹሕ ነዳጅ በሚሠሩ አዳዲሶች እንዲተኩ አዘዘ። ንጹሕ አየር መተንፈስ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠው በሕይወት የመኖር መብት አካል ነው የሚለው የፍርድ ቤቱ አቋም እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ሥራ አስፈጻሚው ለዓመታት ያንቀላፋበትን ጉዳይ ዳኞች ቀሰቀሱት። በእነዚያ ዓመታት በተከታታይ በወጡት የብክለት ትእዛዞች ሳቢያ ፋትፋቲዎች ከዴልሂ ጎዳና ጠፉ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያገለገለው የጦር ፈረስ በቁራጭ ብረት ዋጋ ተሸኘ።

ይሁን እንጂ ሚዛኑን ልብ ብለን እንየው። ለግል መኪኖች የጭስ ደረጃ ወጣላቸው እንጂ በብዛታቸው ላይ ቋሚ ጣሪያ አልተበጀላቸውም። በባለ ሦስት እግሮች ብዛት ላይ ግን ፍርድ ቤቱ ከ1997 ጀምሮ ገደብ ጣለ። ሕዝቡ እየበዛ፣ ፈቃዱ ግን ባለበት ቆመ። ውጤቱ ምን ሆነ? የፈቃዱ ወረቀት ከተሽከርካሪው ይልቅ ውድ ሆነ። አራጣ አበዳሪውና ደላላው ፈቃዱን ሰበሰቡት፤ ሾፌሩ የሌላ ሰው ንብረት ተከራይ ሆነ። ጣሪያው ወደ 100,000 ከፍ እንዲል የተፈቀደው በ2011 ነበር። ጋዝ መቅጃ ጣቢያዎችም በቂ ስላልነበሩ በ2001 እና በ2002 ሾፌሮች ለሰዓታት ተሰልፈው ያድሩ ነበር። የአውቶቡሶቹ ሽግግር በ2002 መጨረሻ ተጠናቀቀ፤ አየሩም ለጥቂት ጊዜ ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ግን የግል መኪናው ጎርፍ መጣ፤ ዴልሂ ዛሬም አየራቸው እጅግ ከተበከለ የዓለም ከተሞች ተርታ ናት። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፋትፋቲ ከጠፋ ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የዴልሂ አስተዳደር «ግራሚን ሴዋ» የተባለ አገልግሎት አቋቋመ። ይህም በከተማዪቱ ዳርቻ ለሚኖረው ድኻ ሕዝብ ስድስት ሰው እያሳፈረ በጋራ ክፍያ የሚሠራ ባለ ሦስት እግር ነው! አስተዳደሩ ዞሮ ዞሮ የ1947ቱ ስደተኞች ደርሰውበት ወደ ነበረው ሐሳብ ተመለሰ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የተበላሸው ሞተሩ ነበር። ሞተሩን ለመለወጥ ብሎ ሐሳቡንም፣ ሙያውንም፣ ሰውየውንም አብሮ መጣል ግን ግድ አልነበረም።

ይህ የዴልሂ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በጉጃራት ግዛት በሳውራሽትራ አውራጃዎች «ቻክዶ» የሚባል ተሽከርካሪ አለ፤ ፊቱ የኤንፊልድ ቡሌት ሞተርሳይክል፣ ኋላው የጭነት ጋሪ፣ ሞተሩ የናፍጣ። በዚያው ግዛት በአምሬሊ አውራጃ የሚኖር ማንሱክባይ ጃጋኒ የተባለ ሰው በ1994 ገደማ የቡሌቱን የኋላ ጎማ አውጥቶ በቦታው ሁለት ጎማና ማረሻ የሚሸከም አካል ገጠመለት፤ በሬና ትራክተር ለመግዛት አቅም ላነሰው ገበሬ ማረሻ ሆነለት። ልዩነቱ፣ ጃጋኒን የሀገሪቱ የፈጠራ ተቋም ፈልጎ አገኘው፤ የፈጠራ ባለመብትነቱም ተመዘገበለት። አንድ ሀገር ስም የለሹን መካኒክ በስሙ ልትጠራው ከፈለገች ትችላለች ማለት ነው።

ወደ ደጃፋችን ስንመለስ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም ምናለሽ ተራ አለን። አሮጌ በርሜል ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ጫማ፣ የወደቀ ቆርቆሮ ባልዲ የሚሆንበትን ያን የመርካቶ ጥግ «ቆሻሻ» ከማለት አልፈን «ኢንዱስትሪ» ብለን የጠራነው ስንቶቻችን ነን? በየክልሉ ከተሞች ባጃጅ እየፈቱ የሚገጥሙ፣ ሻንሲ የሚያጠናክሩ፣ የጭነት አካል የሚበይዱ ወጣቶች አሉን። የሙያ ማረጋገጫ የሰጣቸው፣ የሠሩትን መርምሮ «ይህ ደኅና ነው፣ ይህን አርም» ያላቸው ማን ነው?

የእኛ ልማድ በአብዛኛው እግድ ነው። በሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሞተርሳይክል እንቅስቃሴ ሲታገድ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ዝርፊያው እውነት ነው፤ ስልኩን የተነጠቀ ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን በዚያው ዶቅዶቄ እንጀራውን የሚያበስለው፣ ዕቃ የሚያደርሰው ወጣት ከሌባው ጋር በአንድ ውሳኔ ሲመታ፣ ሕግ ከበደለኛው ይልቅ መሣሪያውን ቀጣ። የ2015ቱ የባጃጅ እገዳም ከዚሁ ጠባይ የመነጨ ይመስለኛል። ቅዳሜ ሲሠራ የዋለ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ሕገ ወጥ ሆኖ ሊነቃ አይገባም። ብዙዎቹ ባጃጆች በብድር የተገዙ ናቸው፤ መንግሥት ሲያግድ ባንኩና አበዳሪው ወለድ መቁጠር አያቆሙም።

«ታዲያ ሥርዓት አልባነት ይቀጥል ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ የምለው ሥርዓት ይቅር አይደለም፤ ሥርዓት ሙሉ ይሁን ነው። የተለወጠ ተሽከርካሪ የሚመረመርበት ግልጽ መስፈርት ይውጣ፦ ብየዳው፣ ፍሬኑ፣ የሚሸከመው ሰው ብዛት፣ ጭሱ። መስፈርቱን ያሟላ ሰሌዳ ያግኝ፤ ያላሟላ የሚታረምበት ጊዜና ብድር ይሰጠው፤ አልታረምም ያለ ይታገድ። ከውሳኔው በፊትም የሾፌሮቹ ማኅበር ይጠየቅ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በየመንደሩ የሚገጣጠሙት ተሽከርካሪዎች በትራፊክ ሕጉ ሥር ይወድቃሉ ሲል የወሰነውም፣ ከሕግ ውጭ መሆን ለተሳፋሪውም ለሾፌሩም ዋስትና እንደሚያሳጣ ያስገነዝባል። ሰሌዳ የሌለው ተሽከርካሪ ሰው ቢገጭ ካሣ የሚከፍል የለምና።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ዘመን መጥቷል፤ መምጣቱም ለሳንባችንም ለውጭ ምንዛሪያችንም መልካም ነው። ነገር ግን በየከተማው ያሉት የነዳጅ ባጃጆች ነገ ምን ይሆናሉ? ተጥለው በውድ ምንዛሪ በሚገቡ አዳዲሶች ይተካሉ? ወይስ ሞተራቸው ወጥቶ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር በራሳችን ጋራዥ፣ በራሳችን ወጣቶች እጅ ይገጠምላቸዋል? አሮጌ አካል ላይ አዲስ ልብ መግጠም እኮ የ1947ቱ ስደተኛ በመዶሻ ያደረገው ነው።

ዴልሂ ፋትፋቲዋን ለሃምሳ ዓመት ተጠቀመችበት፤ ለሃምሳ ዓመትም ዕውቅና ነፈገችው። በመጨረሻ ሲያጨስ ያዘችውና አስወገደችው። ቀደም ብላ መርምራው ቢሆን ኖሮ ባላጨሰ ነበር። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ያልመዘገብነውን ልናርመው አንችልም፤ ያላረምነውን ደግሞ ዞረን «አስቸጋሪ» ብንለው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

በእገዳው ሰሞን ዳገቱን አብሬያቸው የወጣሁ አንዲት እናት ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ «ልጄ፣ ከመከልከላቸው በፊት እስቲ አንድ ቀን በእግራቸው ይውጡት» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የፖሊሲ ምክር እስካሁን አላነበብሁም።

ቸር ይግጠመን።